በትዕዛዝ የሚሠራ ሽጉጥ ለዕለት ትጥቅ፦ 1911፣ 2011 ወይስ የተነካካ ግሎክ?

አንድ ወዳጅ አለኝ። በትዕዛዝ ያሠራው ሽጉጥ እስኪደርስለት ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቋል። የደረሰ ቀን ጠርቶን ሄደን አየነው። እውነቱን ለመናገር ያፈዛል። ብረቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ፊት ያሳያል። ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሄደው የላይኛው ብረት) ሲሳብ ዘይት እንደጠጣ መሳቢያ ሰተት ይላል። ያን ሽጉጥ ግን ታጥቆት አይቼ አላውቅም። የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ወገቡ ላይ ያለችው ያቺው የድሮዋ ግሎክ ናት። «ምነው?» ስለው «ይጫርብኛላ!» አለኝ።

ለዕለት ትጥቅ ውድ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጣጣው ይሄ ነው። የምትገዙት ዕቃ ወገብ ላይ በሚታሰር ማኅደር ውስጥ ሲታሽ ይውላል፣ ላብ ይነካዋል፣ የመኪና ቀበቶ ይፈትገዋል። ስለዚህ እዚህ ሦስቱን፣ ማለትም 1911 እና 2011 የሚባሉትን የሽጉጥ ዓይነቶችና በባለሙያ የተሻሻለውን ግሎክ፣ የማወዳድረው በውበት አይደለም። ሰውነታችሁን በሚነካው ነው፦ በክብደቱ፣ በእጀታው፣ በምላጩ፣ በጠርዙ። ፈቃዱን፣ ሕጉንና ሥልጠናውን ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ያልጨረሰ ሰው ለዚህ ጽሑፍ ገና ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

የፋብሪካ ሽጉጥና በትዕዛዝ የሚሠራ ሽጉጥ ልዩነታቸው እንደ ሬዲሜድና እንደ ልኬት ልብስ ነው። ፋብሪካው ማንኛውም ክፍል ከማንኛውም እንዲገጥም ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ባለሙያው ግን ክፍሎቹን ሆን ብሎ ወፈር አድርጎ ይጀምራል። ከዚያ እስኪገጥሙ ድረስ በሞረድና በድንጋይ ይሞርዳቸዋል። የምትከፍሉት ለዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ባዶ መሆኑን ሁለቴ ያረጋገጣችሁትን ሽጉጥ ያዙ። አውራ ጣታችሁን በጠርዞቹ ላይ አስኪዱ፦ በኋላ ማነጣጠሪያው፣ በመቆለፊያው ጫፍ፣ በስላይዱ የፊት ጥግ። የሚቧጭር ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ከአንድ ወር በኋላ ጎናችሁ ላይ ምልክት ያወጣል። የሸሚዛችሁንም ገበር ይበላል። ጥሩ የትጥቅ ሽጉጥ ጠርዙ ሁሉ ወንዝ እንዳለሰለሰው ጠጠር ነው። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አይታይም። እኔ ግን ከቅርጻ ቅርጹ በፊት ገንዘቤን የማወጣው ለእሱ ነው።

እጀታው ፊት ላይ የሚቀረጸው ጥርስም እንዲሁ ነው። በአንድ ኢንች 25 መስመር የተለመደ ልክ ነው። ላብ ያለበት እጅ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። በጣም ሻካራ ከሆነ ግን በልምምድ ቀን ደስ ይላል፣ በተራው ቀን ቆዳ ይልጣል።

ስለ ዒላማ ብዙ አልልም። ሌስ ቤር የተባለው አሜሪካዊ ሠሪ ተጨማሪ ለሚከፍል ደንበኛ ዋስትና ይሰጣል፤ በ50 ያርድ፣ ማለትም በ46 ሜትር ገደማ፣ ጥይቶቹ አንድ ተኩል ኢንች ውስጥ እንዲያርፉ። አራት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ድንቅ ነው። ግን ራስን ለመከላከል የሚተኮሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ስፋት ርቀት ነው። እዚያ ላይ የሚስተው እጅ እንጂ ብረቱ አይደለም።

ሼባው 1911

ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ይህን ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር በ1911 ተቀበለው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1985 ቤሬታ እስኪመረጥ ድረስ የጦሩ ዋና ሽጉጥ እሱ ነበር። ዛሬም በውድ ሽጉጥ ገበያ ላይ ንጉሡ እሱ ነው።

ምክንያቱ ምላጩ ነው። የብዙ ሽጉጦች ምላጭ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል። የ1911 ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥሩ ባለሙያ የነካው ከሆነ ከ1.6 እስከ 2 ኪሎ ባለው ጫና እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል። አንዴ የለመደው ጣት ሌላውን ሁሉ ጭቃ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ቀጭንነቱ ነው። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩ ወገብ ላይ ልጥፍ ይላል።

አርካንሳስ ውስጥ ቤሪቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቢል ዊልሰን በ1977 ዊልሰን ኮምባትን የጀመረው እዚያ፣ በቤተሰቡ የጌጣጌጥ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። በ2004 ናይትሆክ ከስተም እዚያችው ከተማ ሥራ ጀመረ። የናይትሆክ መመሪያ «አንድ ሽጉጥ፣ አንድ ባለሙያ» የሚል ነው። ሽጉጡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጣጥመው አንድ ሰው ነው፤ የስሙንም መነሻ ፊደላት እጀታው ሥር ያትማል። ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። እኔ ይህን እወደዋለሁ።

ሚዙሪ ያለው ኤድ ብራውን ደግሞ የእጀታውን የታችኛውን የኋላ ጥግ ቆርጦ አጎበጠው። «ቦብቴል» ይሉታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ታጥቃችሁ ጎንበስ ስትሉ ሸሚዝ ወጥሮ የሚያጋልጣችሁ ያ ጥግ ነው። 1911 የሚያዝ ሰው ከእኔ አንድ ምክር ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ያንን ጥግ ያስቆርጥ።

ወደ ክብደቱ እንምጣ። ባለ 5 ኢንች ሙሉ ብረት 1911 ባዶውን 1.1 ኪሎ ነው። ጥይት ሲሞላ 1.3 ይጠጋል። እኔ ሁለት ሳምንት ታጥቄዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀበቶ ቀየርኩ። በስምንተኛው ቀን ወንበር ላይ ስቀመጥ ወደ አንድ ጎን እንደማጋድል ሰው ነገረኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ተውኩት። መፍትሔው ባለ 4.25 ኢንቹ ኮማንደር ነው፣ ያውም በአልሙኒየም ፍሬም (እጀታውንና ምላጩን የሚይዘው አካል)። ክብደቱ ወደ 800 ግራም ይወርዳል። ከዚያ በታች 3.5 ኢንቹ ኦፊሰር አለ። እዚህ ላይ ግን ረጋ በሉ። ስላይዱ ሲያጥር ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ ያጥራል፤ ሞላው ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ጥይት ከካዝናው ለመነሳት የሚያገኘው ጊዜም ይጠባል። ስለዚህ ቶሎ ይነክሳል፤ ማለትም ጥይቱ መሐል ላይ ይያዛል። ሞላውንም ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው።

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ቢወድቅ ይተኩሳል ወይ? በድሮው አሠራር መቺውን መርፌ የሚያግድ ክፍል የለም። ብዙ ሠሪዎች የምላጩ ስሜት እንዳይበላሽ ብለው በዚያው ይቀጥላሉ። በምትኩ መርፌውን ቀለል ካለ ታይታኒየም ይሠሩታል፣ ጠንከር ያለ ሞላም ያደርጉለታል። ሠሪያችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ሳታዝዙ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

መቆለፊያውም አለ። 1911 የሚታጠቁት ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ነው። ሲወጣ አውራ ጣት መቆለፊያውን ወደ ታች መጫን አለበት። በየሳምንቱ ለሚለማመድ ሰው ይህ እንደ ዓይን መርገብገብ ነው። በዓመት አንዴ ለሚተኩስ ሰው ግን በድንጋጤ ሰዓት የሚረሳ ነገር ነው። እንዲህ ላለው ሰው 1911 አልመክርም፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። ስሙን የማልጠራው አንድ ሠሪ የላከልኝ ሽጉጥ በመጀመሪያዎቹ 200 ጥይቶች ውስጥ አምስት ጊዜ ነከሰብኝ። ስደውል «እስኪላመድ 500 ተኩስ ያስፈልገዋል» ተባልኩ። ጠብቆ የተገጠመ ብረት መላመድ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ግን የ500 ጥይቱን ሂሳብ ማን ይክፈል? ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ የቀረውን ሥራ እኔው ጨረስኩላቸው።

2011፦ የሼባው የልጅ ልጅ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሐሳብ መጣ። የ1911ን የላይኛውን ክፍልና ምላጭ እንያዝ፣ እጀታውን ግን ለብቻው ከፕላስቲክ እንሥራና ጥይቱን በሁለት ረድፍ እንደርድር የሚል። ኤስቲአይ የሚባለው የቴክሳስ ድርጅት በዚህ መንገድ በውድድር ሜዳ ላይ ስም አወጣ። በኋላ ስሙን ስታካቶ ብሎ ቀየረ፤ ትኩረቱንም ወደ ትጥቅ አዞረ። አነስተኛው ስታካቶ ሲኤስ ባለ 3.5 ኢንች ሆኖ 16 ጎራሽ ነው። ሰባት ከሚጎርሰው የጥንቱ ካዝና ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ዊልሰን ኮምባትም በ2017 ኢዲሲ ኤክስ9ን አወጣ። እሱ 2011 አይባልም፤ የራሱን መንገድ ነው የሄደው። ባለ 4 ኢንች፣ 15 ጎራሽ፣ ፍሬሙ አልሙኒየም ነው። እጀታው ለሁለት ረድፍ ካዝና የሚገርም ቀጭን ነው። ሁለቱን እጄ ላይ ሳፈራርቅ ስታካቶው ሲተኮስ ለስለስ ይላል፤ ዊልሰኑ ሲያዝ እጅ ውስጥ ይገባል። ስታካቶ በመስመር የሚመረት ነው፤ ልክክ ብሎ የተሰፋ ልብስ አትጠብቁ። ዊልሰኑ ግን የአንድ ሰው እጅ ያረፈበት እንደሆነ ያስታውቃል።

ለመምረጥ ቀላሉ መንገድ ጣት ነው። ሽጉጡን በትክክል ጨብጡና አመልካች ጣታችሁን ምላጩ ላይ አሳርፉ። እጀታውን ሳታዞሩ የጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ምላጩ መሐል ካረፈ ልካችሁ ነው። እጃችሁን ማዞር ግድ ከሆነ ወፍራም ነው፣ ተዉት። ሠሪውም ስሙም አያድናችሁም።

የ2011 ቤተሰብ ራስ ምታት ካዝናው ነው። ዋጋው ይከብዳል። ጥይቱን የሚይዘው የላይኛው ከንፈሩ ትንሽ ከተከፈተ ወይም ከተጨፈለቀ ጥይቱ ይንጋደድና ሽጉጡ ይነክሳል። ካዝናዎቻችሁን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው። የነከሰውን ቁጥር ለልምምድ መድቡ፣ አትታጠቁት።

የተነካካ ግሎክ

ግሎክ 19 በ1988 የወጣ ኦስትሪያዊ ነው። 15 ጎራሽ፣ ከባዶ ካዝናው ጋር 670 ግራም፣ ሲሞላ 850 ግራም ገደማ። ማንም «ውድ» አይለውም። ግን እሱን ወስደው ስላይዱን የሚጠርቡ፣ የነጥብ ማነጣጠሪያ (መስታወት ላይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ) የሚገጥሙ፣ እጀታውን በጋለ ብረት ነጥብ በነጥብ እየተኮሱ የሚያሻክሩ ባለሙያዎች አሉ። ሒሳቡ ሲደመር አንዳንዴ የሽጉጡን ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ አሠሩ፤ ማነጣጠሪያውንና እጀታውን። የሌሊት ማነጣጠሪያ የምትፈልጉ ከሆነ የሚያበራው ትሪትየም ነው። በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት እዩ። ምላጩን ግን አታስነኩ። ግሎክ በጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም። የፋብሪካው 2.5 ኪሎ ገደማ ጫና ራሱ አንዱ መከላከያ ነው። ያንን አቅልላችሁ ሽጉጡን ወደ ማኅደር ስትመልሱ የሸሚዝ ጫፍ ምላጩ ውስጥ ቢገባ ጭናችሁ ነው ዒላማው።

ግሎክን የሚያስመርጥ ሌላም ነገር አለ። አያድርገውና ሽጉጡን ብትጠቀሙበት ፖሊስ ለማስረጃ ይወስደዋል። መቼ እንደሚመለስ፣ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ማንም ቃል አይገባም። ዓመት ጠብቃችሁ ያሠራችሁት 1911 ከሆነ ያንገበግባል። ግሎክ ከሆነ ሌላ ትገዛላችሁ።

እኔ ብሆን

ቀጭን ሸሚዝ የሚለብስና በየሳምንቱ የሚተኩስ ሰው አልሙኒየም ኮማንደር ይዘዝ፦ 9 ሚሊ ሜትር፣ ቦብቴል፣ ጠርዙ የለሰለሰ። አንድ ሽጉጥ ብቻ ገዝቼ ልረፍ ለሚል ኢዲሲ ኤክስ9 ይሻለዋል፤ የእኔም ምርጫ እሱ ነው። ልምምድ ላይ ሰነፍ የሆነ፣ ወይም «ይጫርብኛል» የሚል ሰው ግሎክ ይግዛና ትርፉን ገንዘብ ለጥይትና ለአሠልጣኝ ያውለው። ሪቮልቨር የሚወዱ ሰዎች የጀርመኑን ኮርት ያነሱብኛል። ውበቱን አልክድም፤ ግን ለስድስት ጥይት ያን ያህል ብረት ወገቤ ላይ አልሸከምም።

ስታዝዙ ደብዛዛ ቀለም ምረጡ። የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ ላብ ሲነካው ቶሎ ይዝጋል፤ ዲኤልሲ የሚባለው ጥቁር ልባስ ግን ጭረትም ላብም ይችላል። ትዕዛዙ በገባ ቀን ደግሞ ማኅደሩን አብራችሁ እዘዙ። የትንሽ ሠሪ ሽጉጥ ፍሬሙ ትንሽ ለየት ካለ፣ ወይም መብራትና የነጥብ ማነጣጠሪያ ካለው፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ማኅደር አይኖርም፤ እሱም በልክ ነው የሚሠራው። ሽጉጡ ከመጣለት በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ማኅደር ሲጠብቅ የከረመው ጅል እኔ ነኝ።