ዛቢክስ በሁለት ኖድ ክላስተር ላይ፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

የክትትል ሥርዓታችን ቀድሞ የተተከለው በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት የዚያ ማሽን ዲስክ ሞላና ሰርቨሩ ቆመ። የዚያን ሌሊት ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ስልኬ አንዴም ስላልጮኸ ሁሉም ሰላም ነው ብዬ አደርኩ፤ ሁለት አፕሊኬሽኖች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ወድቀው ማደራቸውን ግን ጠዋት የነገሩኝ ተጠቃሚዎች ናቸው። ዛቢክስን (ማሽኖችንና አፕሊኬሽኖችን ተከታትሎ ብልሽት ሲያይ የሚያስጠነቅቀውን ሶፍትዌር) በሁለት ኖድ ክላስተር፣ ማለትም አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ በተጣመሩ ሁለት ማሽኖች (ኖዶች) ላይ፣ ለመትከል የተነሣነው ከዚያ ጠዋት በኋላ ሲሆን፣ ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ከአንዱ ኖድ ወደ ሌላው የሚያደርገው ርክክብ ከጠበቅሁት በላይ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያስቸገረኝ በዙሪያው ያለው፣ ሰው ስለ ክላስተር ሲያወራ እምብዛም የማያነሣው ነገር ነው።

ከፊታችን ሁለት አማራጮች ነበሩ። አንደኛው የቆየው መንገድ ነው፤ በፔስሜከርና በኮሮሲንክ (ማንኛውንም አገልግሎት በክላስተር ለማሠራት በሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች) ክላስተር አቋቁሞ የዛቢክስን ሰርቨር እንደ አንድ አገልግሎት በውስጡ ማስገባት፣ ለሁለቱ ማሽኖችም አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ ሰጥቶ አድራሻው ሥራውን ከያዘው ማሽን ጋር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። ይህን መንገድ በሌላ ሥራ ላይ ስለሞከርኩት ጣጣውን አውቀዋለሁ፤ ኖዶቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑና በመካከላቸው ያለው ኔትወርክ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ብሎ ሥራውን ሊይዝ ይነሣል፤ ይህ እንዳይሆን ደግሞ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሪክ በግድ የሚያቋርጥበትን መሣሪያ ማዘጋጀትና መንከባከብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ከወጣው ከ6.0 ስሪት ጀምሮ ከዛቢክስ ጋር አብሮ የሚመጣው የራሱ የክላስተር አሠራር ነው። የሚንከባከበው ሰው ጥቂት በሆነበት ክፍል ትንሹ ሥራ የሚሻል ስለመሰለን ሁለተኛውን መረጥን፤ እስካሁን አልተጸጸትንም።

በዚህ አሠራር ኖዶቹ እርስ በርሳቸው በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ዳኛቸው ዳታቤዙ ነው። እያንዳንዱ ኖድ በየ5 ሰከንዱ መኖሩን በዳታቤዙ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ያስመዘግባል፤ ተጠባባቂው ኖድ የተረኛውን፣ ማለትም በዚያን ጊዜ ሥራውን የያዘውን ኖድ፣ ምዝገባ ይከታተልና ከተወሰነው ጊዜ በላይ ከዘገየ ሥራውን ይረከባል። ይህ የመዘግየት ጣሪያ ካልነኩት 1 ደቂቃ ሲሆን ከ10 ሰከንድ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ሊቀየር ይችላል። ተረኛው በሥርዓት ሲዘጋ ግን ደቂቃው ስለማይጠበቅ ርክክቡ በ5 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ዳታቤዙን ማግኘት ያቃተው ተረኛም የጊዜው ጣሪያ ከመድረሱ በፊት ሥራውን ራሱ ስለሚያቆም፣ ሁለት ተረኛ በአንድ ጊዜ ሲሠራ በዘጠኙ ወራት አላየሁም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን የወደቀው ኖድ ተመልሶ ሲነሣ የቀድሞ ቦታዬን መልሱልኝ አለማለቱ ነው፤ ዝም ብሎ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጣል። ግማሽ ጤና ያለው ማሽን በየአሥር ደቂቃው እየተነሣና እየወደቀ ሥራውን ወዲያና ወዲህ ሲያንገላታ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ይረዳል።

ተከላው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። በሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ስሪት ጭነን፣ ሁለቱንም ወደ አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አመልክተን፣ በየሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ የኖዱን ስምና አድራሻውን ከ10051 ፖርት ጋር የሚይዙ ሁለት መስመሮች ሞላን። ቀድሞ የተነሣው ተረኛ ሆነ፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ። በድረ ገጹ በኩል ደግሞ በማዋቀሪያው ላይ በቋሚነት የተጻፈውን የሰርቨር አድራሻና ፖርት ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ያኔ ገጹ ተረኛው ማን እንደሆነ ከዳታቤዙ አንብቦ ይረዳል። እኛ ይህን ረስተን ነበርና በመጀመሪያው ሙከራ ሁለተኛው ኖድ በሚገባ እየሠራ ሳለ ገጹ ሰርቨሩ አይሠራም እያለ ሲያስጠነቅቀን ቆየ።

ከዚያ የኤጀንቶቹ፣ ማለትም በየሚከታተለው ማሽን ላይ ተጭነው መረጃ ለሰርቨሩ የሚሰጡት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ተራ ደረሰ። በኤጀንቱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ የሰርቨር አድራሻ የሚጻፍባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ሰርቨሩ መጥቶ እንዲጠይቀው የሚፈቅደው መስመር አድራሻዎቹን የሚለየው በኮማ ነው፤ ኤጀንቱ ራሱ መረጃ የሚልክበት መስመር ግን የአንድ ክላስተር ኖዶችን የሚለየው በሴሚኮለን ነው። በሁለተኛው መስመር ላይ ኮማ ከተጻፈ ኤጀንቱ ሁለቱን አድራሻዎች እንደማይተዋወቁ ሁለት ሰርቨሮች ቆጥሮ ለየብቻ ሊያገለግላቸው ይሞክራል፤ ተጠባባቂው ደግሞ ፖርቱን ከፍቶ ስለማይጠብቅ መልስ አጣሁ የሚል አቤቱታ በሎጉ ላይ ይጽፋል። በነጠላ ሰረዝና በድርብ ሰረዝ ልዩነት ተማሪ ቤት የተቀጣሁ ሰው በዚህ ዕድሜዬ በሴሚኮለን እቀጣለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሆነው እንዲህ ነው፦ ስህተቱን እንዳየሁ በሠላሳ በሚያህሉ ማሽኖች ላይ ባለው ፋይል ውስጥ ከአንዱ አድራሻ ቀጥሎ ያለውን ኮማ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ሴሚኮለን ቀየርኩት። ትእዛዙ የመጀመሪያውንም መስመር አብሮ ነካው፤ ኤጀንቶቹ ዳግም ሲነሡ የማይገባቸውን ምልክት አግኝተው አንነሣም አሉ። አዲሱ ክላስተር በሕይወቱ የላከልኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዎች በገዛ እጄ ያጠፋኋቸው የሠላሳ ማሽኖች ነበሩ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ርክክብ በሁለተኛው ወር መጣ። ተረኛው ያለበት ፊዚካል ማሽን የሜሞሪ ብልሽት ገጥሞት በድንገት ጠፋ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሎጉን ከፍቼ ተመለከትኩት፤ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ሰከንዶች ባለፈ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ኖድ ተረኛ ሆነና መረጃ መሰብሰብ ጀመረ። ደስታዬ የቆየው ለሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ወዲያው የኔትወርኩ ስዊቾች አንድ በአንድ በቀይ እየተቀቡ የማይገኙ ሆኑ፤ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ሥራ ግን አንድም አልተቋረጠም። ምክንያቱ ሲፈለግ ስዊቾቹ የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ መከታተያ ፕሮቶኮል) ጥያቄ የሚቀበሉት ከዓመታት በፊት በፈቃድ ዝርዝራቸው ላይ ከተጻፈው ከአንድ አይፒ አድራሻ ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ ያም የመጀመሪያው ኖድ አድራሻ ነበር። ይህ ከዚህ አሠራር ባሕርይ የሚመጣ ነው። የጋራ ተንቀሳቃሽ አድራሻ ስለሌለ፣ ተረኛው በተቀየረ ቁጥር ጥያቄው የሚመጣው ከሌላ አድራሻ ነው፤ ስለዚህ ፋየርዎሉ፣ ስዊቹ፣ የዳታቤዙ የመግቢያ ፈቃድና ኤጀንቱ ሁሉ ሁለቱንም ማወቅ አለባቸው። በፔስሜከሩ መንገድ የጋራው አድራሻ ይህን ችግር ያቀልለው እንደነበር በሐቅ መናገር ይገባኛል። መሣሪያዎቹ ራሳቸው የሚልኩት የኤስኤንኤምፒ መልእክትም እንዲሁ ወደ ሁለቱም ኖዶች እንዲላክ በየመሣሪያው ላይ መጻፍ ነበረብን።

የባሰው ሁለተኛው ችግር ነው። ማስጠንቀቂያ በስልክ አጭር መልእክት የሚልከው ራሳችን የጻፍነው ስክሪፕት የሚገኘው በመጀመሪያው ኖድ ላይ ብቻ ነበር። ክላስተሩ ዳታቤዙን እንጂ በየማሽኑ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል አይጋራም። ስለዚህ ሁለተኛው ኖድ ብልሽቱን አይቶ፣ ማስጠንቀቂያ ሊልክ ተነሥቶ፣ ስክሪፕቱን አጥቶ፣ አልተሳካም ብሎ በዳታቤዙ መዝግቦ ዝም አለ። ያ ሌሊት ቢሆን ኖሮ በሁለት ማሽን ወጪ ያንኑ የድሮ ጸጥታ ገዝተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቶቹን፣ የምስጢር ቁልፎቹንና የሰርቨር ማዋቀሪያውን በአንድ ማከማቻ አስቀምጠን በአንሲብል (ማዋቀሪያን ወደ ብዙ ማሽኖች በሚያሰራጭ መሣሪያ) ወደ ሁለቱም ማሽኖች እናሰራጫለን፤ በአንዱ ላይ ብቻ በእጅ ማስተካከል ክልክል ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ይህን ክልከላ ጥሼ ተይዣለሁ።

በአራተኛው ወር አንድ ደቂቃ በዛብኝና የርክክቡን ጊዜ ወደ 10 ሰከንድ አወረድኩት። በአንድ ትእዛዝ ሰርቨሩ ሳይቆም የሚቀየር መሆኑ መልካም ነው፤ ያደረግሁት ግን መልካም አልነበረም። የሌሊቱ የዳታቤዝ ባክአፕ ሲጀምር ዲስኩ ይጨናነቃል፣ ምዝገባው ይዘገያል፣ ጤነኛው ተረኛ ሥራውን ይለቅቃል፣ ተጠባባቂው ይረከባል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ከንቱ ርክክብ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ርክክብ ዋጋ አለው፤ አዲሱ ተረኛ ማዋቀሪያውን ከዳታቤዙ ዳግም መጫን አለበት፣ መረጃ ቀረ ብለው የሚያስጠነቅቁ ትሪገሮችም ሊጮኹ ይችላሉ። ወደ 1 ደቂቃ መልሼ ከንቱው ርክክብ ቆመ። ለነገሩ በመካከል የሚጠፋው መረጃ እንደሚፈራው አይደለም፤ ፕሮክሲዎቹ (በሰርቨሩ ፈንታ መረጃ ሰብስበው የሚያስተላልፉለት የዛቢክስ ረዳቶች) ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው ሳይነካ ቢተው እንኳ የ1 ሰዓት መረጃ ያስቀምጣሉ፤ እኛ ወደ 24 ሰዓት ከፍ አድርገነዋል። የሚጠፋው በወደቀው ተረኛ ሜሞሪ ውስጥ ገና ወደ ዳታቤዙ ሳይጻፍ የቆየው ብቻ ነው።

ስለ ዳታቤዙ ሳይነሣ ይህ ግምገማ ሙሉ አይሆንም። የዛቢክስ ክላስተር ሰርቨሩን እንጂ ዳታቤዙን አይጠብቅም፤ ይህንም በሰነዱ ላይ አልደበቀም። ሁለት ሰርቨር ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ማሠር ሁለት በር ሠርቶ አንድ ምሰሶ እንደ ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት አንድ ፖስትግሬስና በእጅ የሚነሣ ቅጂው ይዘን አሳለፍን፤ ከዚያ በፓትሮኒ (የፖስትግሬስን ርክክብ በሚያስተዳድር ሶፍትዌር) እና ሦስት አባላት ባሉት ኢቲሲዲ (ተረኛው ዳታቤዝ ማን እንደሆነ በሚመዘገብበት ማከማቻ) የራሱን ክላስተር ሠራንለት። ሦስት መሆናቸው አንዱ ሲጠፋ ቀሪዎቹ ሁለቱ አብላጫ ሆነው እንዲወስኑ ነው። ይህ ክፍል ከዛቢክሱ ተከላ ቢያንስ አምስት እጥፍ ጊዜ በልቷል። ክላስተር ልትከል ብሎ የሚያስብ ሰው የጊዜ ዕቅዱን ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ተጠባባቂው ሥራ አይጋራም፤ ከተረኛው እኩል አቅም ያለው ማሽን ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ጭነት ለመከፋፈል የሚፈልግ ሰው ያለው ተስፋ ፕሮክሲ ነው። ስሪት ስናሳድግ ሁለቱንም አቁመን አንዱን እናሳድጋለን፣ በትክክል መነሣቱን አይተን ሌላውን እናስከትላለን፤ ስለዚህ ያለ ምንም መቋረጥ ይሻሻላል ብሎ ለአለቃ ቃል መግባት አይገባም። አንድ ጊዜ ደግሞ የቨርቹዋል ማሽኖቹ አስተዳዳሪ ሶፍትዌር ጭነት ሲያመጣጥን ሁለቱንም ኖዶች ወደ አንድ ፊዚካል ማሽን አዛውሮ ለሁለት ሳምንት ሳናውቅ ቆየን፤ እንዲለያዩ የሚያስገድደውን ደንብ ያኔ ጻፍንለት።

ለማን ይሆናል ቢሉኝ፣ ዳታቤዙን በወጉ የሚይዝ ሰው ላለውና ማስጠንቀቂያ ለአንድ ደቂቃ ቢዘገይበት ለማይጎዳ ክፍል ያለ ማቅማማት እላለሁ። ጥቂት ማሽኖችን ብቻ ለሚከታተል ግን አንድ ሰርቨርና ጥሩ ባክአፕ ይበቃዋል፤ የዲስኩን ሙላት የሚያይ ሌላ ትንሽ ማሽን ከጎኑ ካለ ደግሞ እንቅልፉ ከእኔ የተሻለ ይሆናል። ያን ትንሽ ማሽን እኛም ከክላስተሩ ውጭ አስቀምጠነዋል፤ ሥራው በየደቂቃው ተረኛ ኖድ መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም በሌላ መስመር ስልክ መደወል ብቻ ነው።

በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ተረኛውን ኖድ ሆን ብለን እናቆመዋለን። ባለፈው ወር ርክክቡ በ5 ሰከንድ አለቀ፣ ስዊቾቹም አረንጓዴ እንደሆኑ ቆዩ፤ አጭር መልእክቱ ግን ሁለት ጊዜ ደረሰኝ፤ ለምን እንደሆነ ገና እየፈለግሁ ነው።