ኦበርሊን እና ኒው ፊላዴልፊያ፦ ወደ እኩልነት የሄዱ ሁለት ትናንሽ ከተሞች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ከኖሩባቸው ትናንሽ ከተሞች እነዚህን ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ የሚያደላው ወደ ኢሊኖይዋ ኒው ፊላዴልፊያ ነው።

የኦሃዮዋ ኦበርሊን በኮሌጇ ትታወቃለች። ባለአደራዎቹ ጥቁር ተማሪዎችን ለመቀበል እ.ኤ.አ. በ1835 የወሰኑት በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። በ1858 የከተማዋ ሰዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ከባርነት ያመለጠውን ጆን ፕራይስን ከአሳዳጆቹ እጅ አስጥለው ወደ ካናዳ አሻገሩት፤ 37 ሰዎች ተከሰሱበት። በ1862 ደግሞ ሜሪ ጄን ፓተርሰን ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና እዚያው በዲግሪ ተመረቀች። ታላቅ ታሪክ ነው። ሆኖም የኮሌጁን በር የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን በነጮች እጅ ነበር።

ኒው ፊላዴልፊያን የቆረቆራት ግን በባርነት የተወለደው ፍራንክ ማክዎርተር ራሱ ነው። ኬንታኪ ሳለ ከጌታው ሥራ በተረፈው ሰዓት ለባሩድ የሚሆን ማዕድን እያመረተ ገንዘብ አጠራቀመ። በ1817 መጀመሪያ የገዛው የራሱን ነፃነት አልነበረም፤ የነፍሰ ጡር ሚስቱን የሉሲን ነበር። ሕጉ ልጅን በእናቱ ስለሚቆጥር፣ በሆዷ ያለው ነፃ ሆኖ ተወለደ። ራሱን የገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1836 ኢሊኖይ ያለውን መሬቱን በ144 ቦታ ሸንሽኖ ለጥቁርም ለነጭም ሸጠ፤ በገንዘቡም ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ከባርነት አወጣ።

በዕድሜ ኦበርሊን ትበልጣለች፤ ዛሬም ሕያው ከተማ ናት። ኒው ፊላዴልፊያን ግን በ1869 የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ጎን አልፏት ሄደ። ነዋሪዋ ቀስ በቀስ ተበተነ፣ ቦታዋንም ሣር ለበሰው።