ፍሪዝገን፦ በቀን ምክንያት ለሚወድቁ ቴስቶች የሚሆን መሣሪያ በአዲስ ተሳታፊ ዓይን

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ሆኜ፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ የክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የክፍያ መጠየቂያ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተሬ አውርጄ ገና አንዲት የኮድ መስመር ሳልነካ ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን አጫጭር ፕሮግራሞች፣ ሳስኬድ ሦስቱ ወደቁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሜ ሳስኬዳቸው የወደቁት ሁለት ነበሩ፤ በማግስቱ ደግሞ አንድ ብቻ ሆነ። በመካከሉ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ፓይተንን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብቻ ስለነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ኮምፒውተር ነው ብዬ ደመደምሁ። የፕሮጀክቱ ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚታየው፣ ከወራት በፊት የተካሄደው የመጨረሻ ፍተሻ ሁሉም ቴስቶች እንዳለፉ ስለሚያሳይ ጥያቄ ለማንሳት እንኳ አፈርሁ። ከፕሮጀክቱ ነባር ተሳታፊዎች አንዱ «ሰዓቱን አቁመህ ሞክራቸው» ብሎ ፍሪዝገንን ባይጠቁመኝ ኖሮ ሥራውን ትቼው እሄድ ነበር።

ፍሪዝገን በነፃ የሚገኝ፣ ራሱም ክፍት ምንጭ የሆነ የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ነው። ፒፕ በተባለው የፓይተን መጫኛ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ከቴስቱ አናት ላይ «ፍሪዝ ታይም» የሚለውን ጽፎ የሚፈለገውን ቀንና ሰዓት መስጠት ብቻ ይበቃል። ቴስቱ እስኪያልቅ ድረስ ፕሮግራሙ «ዛሬ ስንት ነው?» ወይም «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ፓይተንን በጠየቀ ቁጥር የሚያገኘው መልስ ያ የተሰጠው ቅጽበት ይሆናል። የሚፈተነውን ኮድ መለወጥ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ኮድ ለመንካት ገና ድፍረቱ ለሌለው አዲስ ተሳታፊ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሦስቱ ቴስቶች ቀላሉ የባንክ ካርድን የሚመለከተው ነበር። ጸሐፊው ከዓመታት በፊት ካርዱ እስከ ዲሴምበር 2024 እንደሚያገለግል ጽፎ ቴስቱ «ካርዱ ገና አላለፈበትም» የሚል ውጤት እንዲጠብቅ አድርጎታል። ዓመቱ ሲያልቅ ቴስቱም አብሮ አለቀ። ኮዱ ትክክል ነው፤ ያረጀው ቴስቱ ነው። እዚህ ላይ ፍሪዝገን ያለ አንዳች ቅሬታ የሚመሰገንበት ሥራ ሠራ፤ ሰዓቱን በ2024 አጋማሽ ላይ ሳቆመው ቴስቱ አለፈ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ያልፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ዓመቱን ወደ 2034 መግፋት ነው፤ እኔ ግን ይህ ዕዳውን ለሚመጣው አዲስ ተሳታፊ ማውረስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ቴስት በተለየ ጥንቃቄ መታየት ያለበት ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያው እንዴት እንደሚያሳስት ያሳየኝ እሱ ነው። ፕሮግራሙ ቀጣዩን የክፍያ ቀን የሚያገኘው በወሩ ቁጥር ላይ አንድ በመጨመር ነበር። ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ፌብሩዋሪ 31 ስለሚመጣና እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ፣ ፓይተን ስሕተት ብሎ ያቆመዋል። በማግስቱ ፌብሩዋሪ 1 ሲሆን ቴስቱ ያለፈው የተስተካከለ ነገር ኖሮ ሳይሆን ቀኑ ስለተለወጠ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ ሰዓቱን በወሩ 15ኛ ቀን ላይ አቁሜ ቴስቱን አረንጓዴ ማድረግ፣ ማለትም እንዲያልፍ ማድረግ፣ ነበር፤ ያንን አድርጌ ቢሆን ኖሮ በወር መጨረሻ የሚከፍል ደንበኛ ላይ የሚደርሰው ስሕተት እንዳለ ይቀር ነበር፤ ያውም ማንም እንዳያየው ተሸፍኖ። ትክክለኛው አጠቃቀም ተቃራኒው ነው፦ ሰዓቱን ሆን ብሎ ጃንዋሪ 31 ላይ ማቆም፣ ቴስቱ በየትኛውም ቀን ቢካሄድ እንዲወድቅ ማድረግ፣ ከዚያም ኮዱን አስተካክሎ ቀኑ ከወሩ ርዝመት ሲበልጥ የወሩን የመጨረሻ ቀን እንዲወስድ ማድረግ። ለዓመታዊ ክፍያም ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024ን ጨመርሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ቀን የለምና።

ሦስተኛው ቴስት የሌሊቱ ነው። ቴስቱ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ሰዓት፣ ኮዱ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ይወስዱ ነበር። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እኛ ዘንድ ቀኑ ተለውጦ እዚያ ገና ያለፈው ቀን ነው። የጊትሀብ ማሽኖች በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠሩ ሁለቱ ቀኖች እዚያ ምንጊዜም አንድ ናቸው፤ ቴስቱ እዚያ ሊወድቅ አይችልም። በዚህ ቦታ ፍሪዝገን ላይ ቅሬታ አለኝ። የሰዓት ልዩነት ካልተነገረው የአካባቢውንና የዓለም አቀፉን ሰዓት እኩል አድርጎ ስለሚወስድ፣ ቴስቱን በእሱ ሳስኬደው ወዲያውኑ አለፈ፤ ስሕተቱ ግን እንዳለ ነበር። ልዩነቱ 3 መሆኑን በግልጽ ጽፌ፣ ሰዓቱንም በዓለም አቀፉ 22፡00 ላይ (በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት) ሳቆመው ቴስቱ እንደገና ወደቀ፤ እኔም በመውደቁ ደስ አለኝ። የመሣሪያው መመሪያ ይህን አማራጭ ቢያስተዋውቅም፣ ዝም ካልነው ምን እንደሚሸፍን ለጀማሪ በሚያስጠነቅቅ አኳኋን ቢጽፈው መልካም ነበር።

ሌሎች ድክመቶችም አሉት። የሚሠራው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተጫኑትን ሞጁሎች (የኮድ ፋይሎች) አንድ በአንድ እየፈተሸ የሰዓት ጥሪዎችን በራሱ በመተካት ስለሆነ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ቴስቶችን ያዘገያል። በሲ ቋንቋ የተጻፉ ክፍሎች ሰዓቱን በቀጥታ ሲወስዱ አይደርስባቸውም። እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ዳታቤዝ በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ፣ ፕሮግራሙ በ2024 ቆሞ ዳታቤዙ የዛሬን ቀን ሲመዘግብ ማየት ይቻላል። የአንድ ፈንክሽን (ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) መነሻ ዋጋ «ዛሬ» ተብሎ ከተጻፈም ቀኑ የሚወሰነው ኮዱ ሲጫን ስለሆነ ማቆሙ አይነካውም። ፍጥነት ለሚያሳስበው፣ ታይም ማሽን የተባለው ሌላ ላይብረሪ በሲ ደረጃ ስለሚሠራ ይፈጥናል፤ በሊኑክስና በማክ ላይ የሰዓት ሰቁን (የአካባቢውን የሰዓት ክልል) ጭምር ይለውጣል፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ይህን አያደርግም። በመርሕ ደረጃ የምመርጠው፣ ፈንክሽኑ የዛሬን ቀን ራሱ ከመጠየቅ ይልቅ ከጠሪው እንዲቀበል ማድረግ ነው፤ ሆኖም ይህ የኮዱን አሠራር ስለሚነካ አዲስ ተሳታፊ በመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስቱ (የኮድ ለውጡ እንዲገባለት በሚያቀርበው ጥያቄ) ይዞት ቢመጣ ላይወደድለት ይችላል።

ለፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ስጽፍም መሣሪያው ረድቶኛል። «እኔ ጋ ይወድቃል» ከማለት ይልቅ የወደቀበትን ቀን፣ የኮምፒውተሬን ሰዓትና የሰዓት ሰቄን ጠቅሼ፣ በየትኛውም ማሽን ላይ የሚወድቁ ሦስት ቴስቶችን አያያዝሁላቸው። ሰዓቱን አቁሞ ውድቀቱን ማሳየት ከሰው ኮምፒውተር ጋር መከራከርን ያስቀራል።

ከዚያ ወዲህ ፍሪዝገንን በጣም የወደድሁት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በሚቀይር አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ላይ ነው። አንዱ ቴስት መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንደሚውል አድርጎ ይወስድ ነበር፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ልክ ነው። ሰዓቱን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ሳቆመው ግን ቀኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሆነ፤ አዲሱ ዓመት የገባው በማግስቱ ነበር። ይህ እንደገና የሚደርሰው በሴፕቴምበር 2027 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያ ቴስት በየቀኑ እያለፈ ይቀመጥ ነበር።