ማይክሮዌቭ በበራ ቁጥር የምሞትበት ላፕቶፕ፦ ከ8 ወር በኋላ

ስምንት ወር ሞላን፣ እኔና ትንሿ ላፕቶፔ። 11.6 ኢንች ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይዘልም። ዋጋዋም ኪሴን አይቶ የወጣ ይመስል ነበር። ኦንላይን ጌም ልጫወትባት ነው የገዛኋት። ጓደኞቼ «በዚህች?» ብለው ሳቁብኝ። በመሳቃቸውስ ልክ ነበሩ፤ የሳቁበት ነገር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

የሳቁት በግራፊክሷ ነው። ለብቻው የተገጠመ የግራፊክስ ካርድ የላትም፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ነው የምትጠቀመው። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን የመሰለ ቀለል ያለ ጌም፣ ጥራቱን ዝቅ፣ ምስሉን 1280 በ720 ካደረግክልኝ ይሄዳል ብላ የምትለምን ማሽን ናት። ደግሞም ይሄዳል። ኪቦርዷ፣ ባትሪዋ፣ ስክሪኗ ደህና ናቸው፤ ስለነሱ ጊዜ አላጠፋም።

አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው።

ጨዋታው ሲሟሟቅ፣ ድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። የኔ ሰው ግድግዳ እየገፋ ይቀራል። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ስክሪኑ ሲነቃ እኔ ሞቻለሁ፣ በቻት ደግሞ የቡድኔ ስድብ ይዘንባል። ፒንጉን፣ ማለትም መልእክቴ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ሳየው 40 ሚሊሰከንድ የነበረው 600 ገብቷል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ጠረጠርኩ። ጥራቱን የባሰ ዝቅ አደረግኩት። ምስሉ ጭቃ መሰለ፤ ሞቴ ግን ወይ ፍንክች! ቀጥሎ ኢንተርኔት የሚያቀርብልኝን ድርጅት ረገምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ረገምኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ራሱን ራውተሩን፣ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ፒንግ አደረግኩት፤ አጭር መልእክት ልኬ መልሱ ስንት እንደሚፈጅ ለካሁ። ይህን ነገር በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ራውተሩ ከኔ አንድ ግድግዳ ማዶ ነው ያለው። ጤና ቢሆን መልሱ በ2 ወይም በ3 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የኔ እንዲህ ነበር፦ 3፣ 2፣ 4፣ 310፣ 5፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም። ለካ መልእክቱ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው መንገድ የሚቀረው። ያንን ድርጅት በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ምክንያቱን ያገኘችው ደግሞ እህቴ ናት፣ ሳታውቀው። ማታ ማታ ምግብ ልታሞቅ ማይክሮዌቩን ታበራዋለች፤ እኔ እሞታለሁ። አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ራሴ ኩሽና ገብቼ አንድ ኩባያ ውሃ አሞቅኩና ወደ ስክሪኑ ሮጥኩ። 480! ውሃው ሞቀ፣ ማይክሮዌቩ «ቲን» ብሎ ቆመ፣ ፒንጉም ወደ 3 ወረደ።

ነገሩ ይህ ነው። ዋይፋይ በሁለት የሬዲዮ ሞገድ መንገድ ይሄዳል እንበል፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርትዝ፣ ሌላው 5። የ2.4ቱ ጠባብ ሰፈር ነው። ሳይጋጩ ጎን ለጎን መሄድ የሚችሉት ሦስት ቻናሎች፣ ማለትም የመንገዱ መስመሮች፣ ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። እዚያ ላይ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ገመድ አልባ ማውስ አለ። ማይክሮዌቭም የሚሠራው እዚያው 2.45 አካባቢ ነው። 5ቱ ግድግዳ ሲያይ ቶሎ ይደክማል እንጂ ሰፊ ነው፣ ይህ ሁሉ ግርግር የለበትም። ራውተሬ ሁለቱንም ያውቃል። ላፕቶፔ የምታውቀው 2.4ን ብቻ ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ስጫወት የሚብሰውም ለዚህ ኖሯል።

አሁን ሻጩን ፊቴ አቁሜ ማውራት እፈልጋለሁ። «ዋይፋይ አለው?» ብዬህ ነበር። «የሌለው አለ እንዴ ወንድሜ!» አልከኝ። ልክ ነህ፣ አለው። ስለ ራሙ አወራኸኝ፣ ስለ ቀለሙ አወራኸኝ። «ፈጣን ኢንተርኔት ካለህ ችግር የለም» አልክ። ኧረ ጌሙ ፍጥነት መች ጠየቀ! ጌም በሰከንድ የሚልከውና የሚቀበለው ከአንድ ሜጋቢት በታች ነው፤ ቪዲዮ ማየት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላል። ጌም የሚፈልገው ያችን ትንሽ ነገር በሰዓቷ ማድረስ ነው። ቪዲዮ ቀድሞ አጠራቅሞ ይጠብቃል፤ ተኩስ ግን አይጠራቀምም።

ደግሞ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር። ይሄ ነው የሚያናድደው። 802.11 (የዋይፋይ ደረጃ መለያ ቁጥር ነው) ካለ በኋላ «ቢ/ጂ/ኤን» ይላል፣ በቃ። ከነዚህ ፊደላት ጋር «ኤሲ» ወይም «ኤኤክስ» ከሌለ፣ 5 ጊጋኸርትዝ የለም ብለህ ጠርጥር። «ኤን» እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀ ደረጃ ነው። እኔ ያኔ ፊደላቱን ጌጥ ነገር ነበር የመሰሉኝ።

የዋይፋይ ካርዷን ልቀይር ብዬ ሆዷን ከፈትኩ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ በአንድ ብሎን ይወጣል። የኔ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከዘጋኋት በኋላ አንድ ብሎን ተርፎኝ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

በመጨረሻ ኬብል። የኢንተርኔት ኬብል መሰኪያ የላትም፣ ቀጭን ናት አሉ። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ገዛሁና 10 ሜትር ገመድ በኮሪደሩ ዘረጋሁ። ራውተሩን ፒንግ፦ 1፣ 1፣ 1፣ 1። ማይክሮዌቩን ሆን ብዬ አበራሁት። 1! ብቻዬን ጮህኩ።

እና ይገዛ ወይስ አይገዛ? ካሸነፍኩበት ማታ ብትጠይቁኝ፣ ለዋጋዋ ወርቅ ናት እላለሁ፤ የሳቁብኝም ይፈሩ። ሰኞ ጠዋት ብትጠይቁኝ ግን በዚያው ዋጋ ሁለት ፊደል ጨምራ የምትመጣ እህቷን ትቼ ይቺን በመግዛቴ እቃጠላለሁ። ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ብዬ ነው የገዛኋት። አሁን እንደ ፍየል ታስራ ነው የምትውለው።

ትናንት ማታ ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እህቴ ሳህን ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ ገመዱ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ምግቡን ልታሞቅ እየሄደች ነበር።