ባለ 60 ሊትሩ አኳሪየም ከስምንት ወር በኋላ፦ መስታወቱ አሪፍ፣ ክዳኑ ቀሽም

ይህን የዓሣ ገንዳ ከገዛሁት ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ፍርዴን ከላይ ላስቀምጠው፣ ጊዜ የሌለው ይቺን አንብቦ ይሂድ። መስታወቱ ጥሩ ነው። ፊልተሩ ከጠበቅኩት በላይ ሠርቷል። ማሞቂያው ለአዲስ አበባ ብርድ አቅም ያንሰዋል። መብራት ያለበት ክዳን የምር ቀሽም ነው። ገንዳውን እስከ ዛሬ ያቆመው ግን ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው፤ ተክሉ።

ስሙን አልጠራም። ያው ከቻይና የሚመጣ ነው፣ አንዱ ዕቃ በሦስት በአራት ስም ይሸጣል። ዋጋም አልጽፍም፣ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። በጥቅሉ ውስጥ የመጣው 60 ሊትር የሚይዝ መስታወት፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ትንሽ ፊልተር፣ ባለ 50 ዋት ማሞቂያ፣ ኤልኢዲ የተገጠመለት የፕላስቲክ ክዳን፣ መረብ እና «ባክቴሪያ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ጠርሙስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ክብደት። 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው። ጠጠሩ፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲደመር ወደ 80 ይጠጋል። ባለቤቴ ቡፌው ላይ ያምራል ብላ ነበር፣ ማማሩስ ያምራል፣ ግን የኛ ቡፌ ቺፑድ ነው፣ ውሃ ጠብ ካለበት ያብጣል። ሰፈር ካለው ብረት ቤት ከአንግል ብረት መቆሚያ አስበየድን። ላዩን በውሃ ልክ አስተካከልኩት፣ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም አነጠፍኩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወለሉ ደልዳላ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ አንድ ጥግ ትንሽ ከፍ ካለ መስታወቱ ላይ ጫና ይፈጥራል። እስካሁን ሲሊኮኑ የትም አላፈሰሰም።

ሻጩ «ዛሬውኑ ዓሣ ጨምርበት፣ ጠርሙሱን አፍስስበት፣ አለቀ» ብሎኝ ነበር። አላለቀም። ዓሣ ሲበላና ሲያስወግድ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ናይትሬት እስካልበዛ ድረስ ብዙም አይጎዳም፣ ተክልም እንደ ማዳበሪያ ይበላዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተደላድለው እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ባዶውን ገንዳ ተክል ሞላሁበትና ጥቂት የዓሣ ምግብ እየጣልኩበት ጠበቅኩ። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ «ዓሣው የታለ?» ይላል። ጎረቤታችን እትዬ «የሞላ ውሃ እያየህ ነው እንዴ የምትውለው?» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው ጠብታ ወተት የተጨመረበት መሰለ፣ በራሱ ጠራ። ቀጥሎ መስታወቱን ቡናማ ነገር ለበሰው። ይሄ አዲስ ገንዳ ላይ የሚመጣ ዳያተም የሚባል የአልጌ ዓይነት ነው፣ በጣት ሲነካ ይለቃል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ደፍቶ ያጥባል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አትድፉት።

አሁን ወደ ተክሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ተክል የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ከዓሣው ይከብዳል። እኔ ያገኘሁት ቤቱ ገንዳ ካለው ሰው ነው፣ እሱ ሲከረክም የሚጥለውን። ያስገባሁት አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ቫሊስኔሪያ እና ክሪፕቶኮሪን ነው። አራቱም ብዙ መብራት አይፈልጉም፣ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይጠይቁም። አኑቢያስ የራሳችን አህጉር ልጅ ነው፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ወንዝ ዳር። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ወፈር ብሎ አግድም የሚሄደው ግንዱ ጠጠር ውስጥ መቀበር የለበትም፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ ይታሰራል። ጃቫ ፈርንም እንደዚያው።

ማሰሪያ ድንጋይ ከውጭ የሚመጣ «ላቫ ሮክ» እየተባለ በውድ ይሸጣል። ሰዎች፣ ይሄ እኮ የኛው ቀይ አሽ ነው! ግንባታ ያለበት ሰፈር ሁሉ ተከምሮ የምናየው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ሁለመናው ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ሲሚንቶና ቆሻሻ ያልነካውን ጡጫ የሚያክል መረጥኩ፣ በብሩሽ ፈትጌ አጠብኩት፣ ውሃው ቀይ መሆኑን እስኪያቆም። ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም። አኑቢያሱን በጥቁር የልብስ ስፌት ክር አሰርኩበት። በሁለተኛው ወር ግድም ሥሩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገባ፣ አሁን ክሩ ባይኖርም አይላቀቅም። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ መጀመሪያ እንደ ቀጭን የተጠቀለለ ወረቀት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀለሙ ከሌሎቹ ገረጣ ያለ ነው፣ ቀስ እያለ ይተረተራል፣ ሲዘረጋ ያብረቀርቃል። ቀርፋፋ ተክል ነው፣ አትቸኩሉበት።

ክሪፕቶኮሪኑ በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ቀለጠ። ቃል በቃል ቀለጠ፣ ስትነካው ንፍጥ ይሆናል። የውሃ ለውጥ ሲገጥመው ልማዱ ነው። የሞተውን ቅጠል ቆርጣችሁ ሥሩን ተዉት። እኔ ጋ ወር ሳይሞላ ከሥር አቆጠቆጠ፣ አሁን ከፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ይዞታል። ቫሊስኔሪያው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ በጠጠር ሥር ሐረግ እየላከ ገንዳውን በሙሉ ሊወርስ ይፈልጋል፣ በየጊዜው ነቅዬ ለሰው እሰጣለሁ።

ስለ ውሃ ስንመጣ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ክሎሪን ዓሣንም ባክቴሪያንም ይገድላል። ደግነቱ እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካንና ሮቶ ባህላችን ሆኗል። እኔ ለገንዳው የሚሆነውን ውሃ በሰፊ ባልዲ ክፍት አድርጌ አንድ ቀን ሙሉ አስቀምጠዋለሁ፣ ክሎሪኑ ይተናል። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ግን አይሠራም። ክረምት ላይ ሽታው ጠንከር ሲል ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ። ሌላው፣ የሰፈራችሁ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን የሚያንሰው ነው፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ማዕድን ይበዛዋል። መለኪያ ከሌላችሁ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱ፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከሠራ ውሃችሁ ጠንካራ ነው፣ ጠንካራ ውሃ ደግሞ ጋፒ ለምትባለው ትንሽ ዓሣ ተስማሚ ነው። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ዓሣ ስለሆነ ለስላሳውን ይመርጣል።

ይህን ጥቅል ከሌላው የሚያስበልጠው ፊልተሩ ነው፣ ምክንያቱም መብራት ይጠፋል። ከመስታወቱ ጠርዝ በውጭ የሚንጠለጠለው ዓይነት ፊልተር ውሃውን ከገንዳው ወደ ላይ መሳብ አለበት፣ መብራት ሲጠፋ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባና መብራቱ ሲመለስ ላይስብ ይችላል፣ እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ሞተሩ በደረቁ ሲዞር ይውላል። ይሄኛው ውሃ ውስጥ ስለተቀመጠ መብራት ሲመጣ ወዲያው ይነሳል። በስምንት ወር አንድም ጊዜ አልከዳኝም። ትንሽ ያጉረመርማል፣ ያንን ለምደነዋል።

መመሪያው ግን «ካርትሪጁን በየወሩ ቀይሩ» ይላል። ካርትሪጅ ፊልተሩ ውስጥ የሚገባው ተቀያሪ ማጣሪያ ነው፤ ይሄ ምክር እሱን ለመሸጥ ነው። ስትጥሉት ባክቴሪያውንም አብራችሁ ትጥላላችሁ። እኔ ከካርትሪጁ ውስጥ ከሰሉን አወጣሁና በቦታው የደቀቀ ቀይ አሽ በመረብ አድርጌ ከተትኩ። ስፖንጁን ውሃው መውረዱ ሲቀንስ ብቻ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጨምቀዋለሁ፣ በቧንቧ አይታጠብም። የሚወጣው ጭቃ መሳይ ውሃ በረንዳ ላይ ላለው ጤና አዳም ይሄዳል። ጤና አዳሙ ደስ ብሎታል።

ተክሉ ዋጋው የገባኝም መብራት ሲጠፋ ነው። ፊልተሩ ለሰዓታት ሲቆም አሞኒያውን የሚያጠፋ ባክቴሪያ ይዳከማል፣ ተክል ግን አሞኒያውን በቀጥታ ይወስዳል፣ ሶኬት አይፈልግም። በቀን ብርሃን ካለ ኦክስጅንም ያወጣል። በሌሊት ግን ይገለበጣል፣ ተክሉም ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ያለ ውሃ ባህር ዳርቻ ካለ ተመሳሳይ ውሃ በሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ለ60 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን እንዳለ አትቀበሉት። ቀንሱ። እኔ ያሉኝ ጥቂት ወንድ ጋፒዎች ናቸው። ሴት ከጨመራችሁ በቶሎ ይራባሉ፣ ከዚያ ወዴት ትወስዷቸዋላችሁ? በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ሌሊት መብራት ከጠፋ እከፍተዋለሁ። ጎልድ ፊሽ የሚያምራችሁ ካላችሁ ሌላ ገንዳ ፈልጉ፣ ትልቅ ይሆናል፣ ተክሉንም እንደ ሰላጣ ይበላዋል።

አሁን ወደ ቅሬታ። ክዳኑ። ማጠፊያው ስስ ፕላስቲክ ነው፣ በአምስተኛው ወር ተሰነጠቀ። ከሞቀው ውሃ የሚነሳው እንፋሎት መብራቱ ውስጥ ገብቶ ከአምፖሎቹ የተወሰኑትን ገደላቸው። ውሃ ላይ የሚቀመጥ መብራት እንዴት እንፋሎት አይችልም? የሚገርመው ተክሎቹ ደብዘዝ ባለውም ደህና ናቸው፣ አልጌውም ቀነሰ። ሰዓት ቆጣሪ አብሮ አልመጣም። ለብቻው የገዛሁት የሚሽከረከረው ዓይነት ሲሆን መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳሎኑ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ ብሎ ቤተሰቡን ቀሰቀሰ። ባትሪ ያለውን ዲጂታሉን ግዙ። የኔ አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት ይበራል፣ ስድስት ሰዓት ይበቃል። ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው እንዲመለሱ አድርጉ፣ በገመድ ላይ የሚወርድ ውሃ ማከፋፈያው ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ እንዲንጠባጠብ።

አንድ ምክር ስለ ተክል ምንጭ። ዝዋይ ወይ ጣና ሄዳችሁ ከዳር ነቅላችሁ አታምጡ። አብሮ የሚመጣ ቀንድ አውጣ አለ፣ ሁለቱም ሐይቆች ዳር ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ፣ እጃችሁን ደግሞ ገንዳው ውስጥ ትከታላችሁ። በተቃራኒውም፣ የከረከማችሁትን ተክል ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ሰው እየወሰደው ነው፣ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። እኔ ለሰው ያልሰጠሁትን ፀሐይ ላይ አድርቄ ከቆሻሻ ጋር እጥላለሁ።

እንግዳ ሲመጣ አሁንም የሚጠይቀው «ይበላሉ?» ነው፣ በተለይ ፆም ከሆነ።

የቀረው ማሞቂያው ነው። በደረቁ ወራት ሌሊት ሳሎናችን እንደ ማቀዝቀዣ ይሆናል፣ 50 ዋቱ ሙሉ ሌሊት እየነደደም 25 ዲግሪ ላይ አይደርስም፣ 22 ወይ 23 ላይ ይቆማል። ለጋፒና ለነዚህ ተክሎች ችግር የለውም፣ ሞቅ ያለ ውሃ ለሚፈልግ ዓሣ ግን አይሆንም። ሳያርፍ ከሠራ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ፊልተሩና መብራቱ ተደምረው የዚህን ሩብ አይሞሉም። ኅዳር ሳይገባ ባለ 100 ዋት ልገዛ ነው፤ 25 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ፍጆታው ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ቶሎ አሙቆ ያርፋል። ክዳኑንም አውልቄ በልኩ መስታወት አስቆርጥና ከላዩ ለብቻው መብራት እሰቅላለሁ። ጥቅሉን ያለ ክዳኑና ያለ ማሞቂያው የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።