ለበረዶ ተራራ የተሠራ ኮምፓስ በወጨጫ ጭቃ ላይ፦ ከክረምት እስከ በጋ

ይህ መስታወት ያለው ኮምፓስ የተዳፋት መለኪያ የተገጠመለት በበረዶ ተራሮች ላይ በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) የሚጓዙ ሰዎች የበረዶ ናዳን አደጋ እንዲገምቱበት ታስቦ ነው። እኔ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የተጠቀምሁበት ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በሚገኙት የወጨጫና የእንጦጦ ገደላገደሎች፣ ለእግር ጉዞ መንገድ ለመምረጥ ነው።

ለመለካት ክቡን ሰሌዳ አዙሮ 270 ዲግሪን ከማመልከቻው መስመር ጋር ማስተካከል፣ ምርኩዝን በተዳፋቱ ላይ አጋድሞ የመሣሪያውን ረጅም ጠርዝ በላዩ ማሳረፍ፣ ከዚያም በስበት ብቻ የሚንጠለጠለው ትንሽ መርፌ የሚያሳየውን ማንበብ ይበቃል። ዓይን ዳገትን ያጋንናል፤ 40 ዲግሪ ይሆናል ብለን የተከራከርንበት ብዙውን ጊዜ ከ30 በታች ሆኖ ተገኝቷል።

በመሣሪያው ላይ ከ30 እስከ 45 ያለው ክፍል በቀይ ተቀብቷል፤ አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው በዚህ መካከል ነውና። ይህን ቀለም ለእኛ አፈር እንዳለ መውሰድ ግን ያሳስታል። በበረዶ ላይ የሚጓዘው ሰው እንኳ በማዕዘን ብቻ አይወስንም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ከላይኛው የበረዶ ንጣፍ በታች የላላ ንጣፍ መኖሩን ይፈትሻል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሰረገው የዝናብ ውሃ የአፈሩን መያያዝ ስለሚያዳክም፣ አፈሩ ረዘም ያለ ዝናብ ከጠገበ በኋላ ከ30 ዲግሪ ያነሰ ተዳፋትም ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ አዲስ ስንጥቅን፣ ያዘነበለ ዛፍንና ትናንት ያልነበረ ምንጭን አስቀድሜ እመለከታለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ሰሜንን በሚያሳየው መርፌ ላይ ነው። በአውሮፓ የምድር መግነጢስ የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ታች ስለሚስብ፣ ለዚያ አካባቢ የሚሠሩ ኮምፓሶች ሚዛን እንዲጠብቁ ደቡባዊ ጫፋቸው ከበድ ይደረጋል፤ አዲስ አበባ ግን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ መርፌን ወደ ታች ለማይስብበት መስመር፣ እጅግ ቅርብ በመሆኗ (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የምድርን መግነጢስ የሚከታተለው ጣቢያ፣ እዚህ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው) ያ ስበት የለም ለማለት ይቻላል። በዚህም የተነሣ የከበደው ጫፍ አዘቅዝቆ የሰሌዳውን ወለል ይፍቃል፤ መሣሪያውን ጥቂት ካላጋደሉት መርፌው በነፃነት አይዞርም።

የመስታወቱ ማጠፊያ ትንሽ ላልቷል፤ ጽሑፉ ግን በጭቃና በዝናብ አልደበዘዘም። በበጋ ተዳፋት ለመለካት ብቻ ከሆነ ስልክ ይበቃል፤ በክረምት ግን የረጠበ የስልክ ገጽ ለጣት አልታዘዝ ስለሚል ይህ መሣሪያ ይሻላል። መግዛት የሚፈልግ ሰው መርፌው ለየትኛውም የዓለም ክፍል ተመጣጥኖ የተሠራውን ዓይነት ለይቶ ይጠይቅ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም እዚህ የሚሠራው እርሱ ነው።