የሰርግ ዲቪዲን ለመቀየር፦ ነፃው ሃንድብሬክ ወይስ የተሰበረው «ፉል ቨርዥን»?

«የሰርጋችንን ዲቪዲ ስልክ ላይ እንዲከፈት የሚቀይር የቱን ፕሮግራም እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ባሕር ዳር ውስጥ አያልቅም። ፕሮግራም አትግዙ፤ ብራችሁን ለዲስክ ማንበቢያው (ድራይቩ) አቆዩት።

ቪዲዮ የሚቀይረው ሃንድብሬክ የተባለ ፕሮግራም 0 ብር ነው። ዲስኩን ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጠው ሜክኤምኬቪም ለዲቪዲ ነፃ ነው። ለፕሮግራም የምታወጡት ለማውረጃ የሚሆን ዳታ ብቻ ነው። የሚሸጡት ፕሮግራሞች ዋጋቸው በዶላር ነው፤ የሙከራ ቅጂያቸው ደግሞ ወይ ጥቂት ደቂቃ ቀይሮ ይቆማል፣ ወይ ሙሽራዋ ፊት ላይ ጽሑፍ ይለጥፋል። ስለዚህ ሰው ፍላሽ ከሚጭኑ ቤቶች ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ይገዛል። መጫኛው «መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ» ካለ እዚያው ተዉት። ሃንድብሬክን ራሱን በብር የሚሸጥላችሁ ካለም አትቀበሉ። ትክክለኛው ምንጭ ሃንድብሬክ ነጥብ ኤፍአር (handbrake.fr) ነው፤ በ2017 ከማውረጃ ሰርቨሮቹ አንዱ ተጠልፎ የማክ ቅጂው በቫይረስ ተበክሎ ነበር፤ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ፍላሽማ አስቡት።

ዲስኩን የሚቀይርላችሁ ስቱዲዮ ቤት በዲስክ ስለሚያስከፍል የተጠራውን ዋጋ በዲስኮቻችሁ ብዛት አባዙት። አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ እዚያው አስቀይሩ። ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅልና ክርስትና ሲደመር ግን ድራይቭ መግዛቱ ያዋጣል። «ወደ 4ኬ እናሳድጋለን» ለሚል ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፤ ዲቪዲው ላይ ያለው 720 በ576 ፒክስል ነው፣ ከዚያ የሚያድገው ፋይሉ ብቻ ነው።

ድራይቩ ላይ ተጠንቀቁ። «አዲስ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተነቅለው አዲስ ሽፋን የለበሱ ናቸው። ትሪውን አውጡና ሌንሱን በስልክ መብራት እዩት፤ አቧራ ከያዘ ወይም ከደበዘዘ ያገለገለ ነው። ስትሞክሩትም በፋብሪካ በታተመ የፊልም ዲስክ አይሁን፤ የደከመ ሌዘር እሱን አንብቦ ስቱዲዮ የጻፈውን የሰርግ ዲስክ ሊተው ይችላል። የራሳችሁን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጨረሻው አካባቢ ያለውን ክፍል ክፈቱ፣ ከጠርዙ ላይ ነው ቶሎ የሚበላሸው። ድራይቩ ከኮምፒዩተሩ ጋር እየተገናኘ እየተቋረጠ የሚያስቸግር ከሆነ ብዙ ጊዜ ኃይል አንሶት ነው፤ ባለ ሁለት ራስ ዩኤስቢ ገመድ ያለውን ምረጡ። የቆሸሸ ዲስክ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል፤ ዙሪያውን ማሸት ጭረቱን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። አንዳንዶቹ ክራኮች «ሃይ ኳሊቲ» የሚል አንድ ቁልፍ ይሰጡና ከኋላው ቋሚ ቢትሬት (ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደብ የዳታ መጠን) ያስራሉ። ሙሽሮቹ ሳሎን ተቀምጠው ሳሉ ያምራል፤ ለፎቶ ጣና ዳር ሲወጡ ግን የውሃው ገጽ በሙሉ ስለሚንቀሳቀስ ቢትሬቱ አይበቃም፣ ሐይቁ ካሬ ካሬ ሆኖ ይበተናል። ሃንድብሬክ ላይ «ቪዲዮ» ውስጥ ኤክስ264 የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያና «ኮንስታንት ኳሊቲ»ን መርጣችሁ አርኤፍ የሚባለውን የጥራት ቁጥር 20 አድርጉት፤ ለቆመ ትዕይንት ትንሽ፣ ለውሃው ብዙ ይመድባል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ በ6 ከቀነሳችሁት ፋይሉ በግምት እጥፍ ይሆናል። ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ያለው ይበቃል።

እስክስታው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የድሮዎቹ የሰርግ ካሜራዎች የምስሉን ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮች እያፈራረቁ ይቀርጹ ስለነበር ትከሻ በተነቀነቀ ቁጥር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። «ፊልተርስ» ውስጥ «ዲኢንተርሌስ»ን ያዲፍ፣ ከጎኑ ያለውን «ቦብ» አድርጉና ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ወደ 50 ቀይሩ። 25 ላይ ከቀረ ቦብ ካወጣቸው ምስሎች ግማሹ ተመልሶ ይጣላል፤ ጭፈራውም ይንቀጠቀጣል። ይህቺን አንዷን ሴቲንግ የሚነካ ስቱዲዮ ማግኘት ከባድ ነው።

ፊቶች ቀጥነው ከወጡ «ዳይሜንሽንስ» ውስጥ የምስሉን ስፋትና ቁመት የሚያመጣጥነውን «አናሞርፊክ» አውቶማቲክ አድርጉ። ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው ዓይነት 160 አድርጉት፤ ዲቪዲ ላይ የሚገኘው ኤሲ3 የተባለ የድምፅ ዓይነት እንዳለ ከታለፈ ስልኩ ድምፅ አልባ ቪዲዮ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ለቴሌግራም ኤምፒ4 የተባለው የፋይል ዓይነት ይሻላል፤ ነፃው አካውንት በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ባትሪ በሌለው ኮምፒዩተር የምትሠሩ ከሆነ ግን ኤምኬቪ ምረጡ። ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መብራት መሃል ላይ ከሄደ የተሠራው ሁሉ አይከፈትም፤ ኤምኬቪው እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። ዲስኩንም በቀጥታ አትቀይሩ፤ በሜክኤምኬቪ ሃርድ ዲስክ ላይ አውርዳችሁ ከዚያ ቀይሩት፣ ሴቲንግ በለወጣችሁ ቁጥር የተጫረውን ዲስክ እንደገና ከማስነበብ ትድናላችሁ።

ከዲቪዲ በፊት የነበረው ቪሲዲ ያላችሁ ምንም መቀየሪያ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም። «ኤምፔግኤቪ» ከሚለው ፎልደር የ«ዳት» ፋይሉን ገልብጣችሁ በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈቱት። 352 በ288 ስለሆነ መቀየሩ ያለችውን ጥራት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።